ኳሷ የምትሰማበት ከተማ

በባሕር ዳር ለስፖርት ባለሙያዎች፣ ለዓይነ ስውራን ማኅበር አባላት፣ ለመምህራንና ለሆቴል ባለቤቶች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የማኅበሩ አባላት፣ ተማሪዎቼ፤ እንደምን ዋላችሁ።

ወደ ንግግሬ ከመግባቴ በፊት ይህችን ጎልቦል የሚባል የዓይነ ስውራን ጨዋታ ኳስ በጆሯችሁ እንድታውቋት እፈልጋለሁ። ክብደቷ አንድ ኪሎ ከሩብ ነው። ስምንት ቀዳዳዎች አሏት፤ በውስጧም ቃጭል አለ። አሁን ከመድረኩ ወርጄ በወንበሮቹ መካከል እስከ በሩ ድረስ አንከባልላታለሁ። እባካችሁ፣ ለአንድ አፍታ ጸጥታ።

አመሰግናለሁ። አብዛኞቻችሁ እስከ አምስተኛው ረድፍ ድረስ ተከተላችኋት። ከዚያ ከአዳራሹ ውጭ አንድ ባጃጅ ጥሩንባውን ነፋ፤ ኳሷም ከጆሯችሁ ጠፋች። ከፊት የተቀመጡት የማኅበሩ አባላት ግን በሩ ጋ ሳትደርስ ወደ ግራ መታጠፏን አሁን እየነገሩኝ ነው። እውነታቸውን ነው፤ ወንበር ሥር ገብታለች። ዛሬ የመጣሁት ባሕር ዳራችን አንድ ቀን የዓይነ ስውራንን የዓለም ጨዋታዎች እንድታስተናግድ ልጠይቃችሁ፣ ስለዚያ የባጃጅ ጥሩንባም ልነግራችሁ ነው።

ዓይናችሁን ጨፍኑ አላልኳችሁም። በየስብሰባው ሰውን ለአምስት ደቂቃ ዓይኑን ሸፍኖ ማስኬድ ተለምዷል። እኔ አልወደውም። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሰው የሚማረው ፍርሃትን ብቻ ነው። ዓይነ ስውር ስፖርተኛ ግን በፍርሃት አይኖርም፤ ለዓመታት ባሠለጠነው ጆሮ፣ እጅና እግር ነው የሚኖረው። ይህን ሙያውን የምናከብርለት ቦታውን በማዘጋጀት ነው።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ዓለም አቀፉ የዓይነ ስውራን ስፖርት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1981 ፓሪስ ውስጥ ተመሠረተ። የራሱን የዓለም ጨዋታዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ማድሪድ ላይ ጀመረ። ከዚያ ኩቤክ፣ ሳኦ ፓውሎ፣ አንታሊያና ሴኡል አስተናገዱ። በ2023 ነሐሴ ወር በርሚንግሃም ከ70 አገሮች የመጡ ከ1,000 በላይ ስፖርተኞችን ለአሥር ቀናት ተቀበለች። ማዕከሉም የከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ነበር። የዓይነ ስውራን ሴቶች የእግር ኳስ የዓለም ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው እዚያ ነው፤ ዋንጫውን አርጀንቲና ወሰደች። ክሪኬትም ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው ያኔ ነው። ከማድሪድ እስከ በርሚንግሃም በነበሩት ሃያ አምስት ዓመታት ጨዋታው አውሮፓን፣ ሰሜንና ደቡብ አሜሪካን፣ እስያንም ጎብኝቷል። አፍሪካን ግን አልረገጠም።

ዩኒቨርሲቲ ያላት፣ ሐይቅ ያላት፣ መንገዷ ሜዳማ የሆነች፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ መሃል ከተማ ረጅም ጉዞ የማታስኬድ ከተማ አለችን። ሯጮችም አሉን። ትዕግስት ገዛኸኝ በቶኪዮ በ1,500 ሜትር ስታሸንፍ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ አመጣች፤ በ2024 ፓሪስ ላይም ደገመችው። በዚያው በፓሪስ ያየሽ ጌቴ ምንም ለማያዩ በተመደበው ውድድር በዚያው ርቀት ወርቅ ወሰደች። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ላይ፣ ታምሩ ደምሴ በ1,500 ሜትር ብር ሲያገኝ የገባበት ሰዓት በዚያው ዓመት የኦሊምፒኩ አሸናፊ በዚያው ርቀት ከገባበት ይፈጥን ነበር። የኦሊምፒኩ ፍጻሜ አዝጋሚ ሩጫ እንደነበረ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ቁጥሩ ቁጥር ነው። ልጆቻችን የሰው አገር ሕዝብ ሲያጨበጭብላቸው ኖረዋል። የገዛ አገራቸው ሰው በገዛ አገራቸው ሜዳ ሲያጨበጭብላቸው ማየት ያምረኛል።

ስለዚህ ነገር ሳወራ ሰዎች የሚጠይቁኝ ስለ ስታዲየም ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የባሕር ዳር ስታዲየም መስፈርት አያሟላም ብሎ ዓለም አቀፍ ጨዋታ ሲከለክል፣ ብሔራዊ ቡድናችን ጋናን በሜዳው ማስተናገድ ሲገባው ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ተጫወተ። ያ ቁስል እስካሁን ያመናል። ግን በርሚንግሃም ከነበሩት ውድድሮች ብዙዎቹ በአንድ ጥሩ ጂምናዚየም፣ በአንድ ጸጥ ያለ አዳራሽና በታጠረ ትንሽ የእግር ኳስ ሜዳ ይካሄዳሉ። ጎልቦል፣ ጁዶ፣ ቼዝ፣ በጠረጴዛ ላይ የሚደረገው ሾውዳውን፣ ክብደት ማንሣት፤ ለእነዚህ ሃምሳ ሺህ ወንበር አያስፈልግም። የሚያስፈልጋቸው ጸጥታ ነው። ጸጥታ ደግሞ እንደ ሲሚንቶ ታስቦበት የሚሠራ ነገር ነው።

እስቲ ጎልቦልን እንውሰድ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1946፣ አንድ ኦስትሪያዊና አንድ ጀርመናዊ ዓይናቸውን በጦርነት ላጡ ወታደሮች የፈጠሩት ጨዋታ ነው። ሜዳው 18 ሜትር በ9 ሜትር ነው። ግቡ የሜዳውን ወርድ ሙሉ ይይዛል፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ30 ነው። በእያንዳንዱ ወገን ሦስት ተጫዋቾች አሉ። አንዱ ወገን ኳሷን አንከባልሎ ይወረውራል፤ ሌላው ወገን ቃጭሏን ሰምቶ በሙሉ አካሉ ወለሉ ላይ ተጋድሞ ያግዳል። ዳኛው ጸጥታ ካስከበረ በኋላ አንድ ሰው ቢያስል ያ ሳል የጨዋታው አካል ይሆናል። አሁን ይህንን ሜዳ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አስቡት። ወሩንም ሐምሌ አድርጉት። የባሕር ዳር የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ አጠገባችሁ ያለ ሰው ጮኾ ቢያናግራችሁ እንኳ አትሰሙትም። ስለዚህ ጣሪያው ወይ ከሥሩ ኮርኒስ ይገባለታል፣ ወይ ውድድሩ ከክረምት ይሸሻል። ይህ በዕቅድ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ነው፤ ካልተጻፈ ግን ከሰባ አገር የመጣ እንግዳ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ዝናብ ያዳምጣል።

ጊዜውን በተመለከተ ብዙ አሰላስያለሁ። መስከረምና ጥቅምት ዝናቡ ቢያባራም በሐይቁ ዙሪያ የወባ ወቅት ነው። ጥር አሥራ አንድ ጥምቀት ነው፤ ሆቴሉም ይሞላል፣ ጎዳናውም እልል ይላል፤ ደስታችንን ማንም እንዲቀንስብን አልፈልግም። የሚሻለው ከጥምቀት በኋላ ያለው ጊዜ ነው፤ የጥር መጨረሻና የካቲት። አየሩ ደረቅ ነው፤ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆንን ከዝቅተኛ አገር የሚመጡት ሯጮች ቀደም ብለው እንዲገቡ መምከርም ይገባል።

ጸጥታን እኛ አናውቀውም የሚሉኝ አሉ። እልልታ የለመደ ሕዝብ እንዴት ዝም ይላል ይሉኛል። እኔ በዚህ አልስማማም። የጎጃም ሰው ዝምታን ካላወቀ ማን ያውቀዋል? ዋሸራን አስቡ፤ ዲማን አስቡ። የቅኔ መምህር ጉባኤ ዘርግቶ ተማሪው ቅኔውን ሲያቀርብ በዙሪያው ያለው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣል፤ አንዲት ቃል ካመለጠች ምሥጢሩ አመለጠ። በእነዚያ ጉባኤዎች መጽሐፍ በዓይን ሳያዩ በቃል ተምረው መምህር የሆኑ ዓይነ ስውራን ሊቃውንት ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። በማኅሌት ደግሞ ጸናጽሉ መቼ እንደሚንሿሿ፣ መቼ እንደሚያርፍ ሁሉም ያውቃል። እልልታም ቦታ አለው። በጎልቦል ግብ ሲቆጠር፣ በእግር ኳስ ኳሷ ከጨዋታ ስትወጣ፣ አዳራሹ እስኪናጋ እልል በሉ። ዳኛው ፊሽካ ሲነፋ ደግሞ እንደ ቅኔ ጉባኤ ሁኑ። ይህን ለተመልካች የሚያስተምር ሰው በየመግቢያው መቆም አለበት። እኔ አንድ ሺህ ሰው በሁለት ቀን ይማረዋል ብዬ አምናለሁ።

ተመልካቹን ከመውቀሳችን በፊት ራሳችንን አዘጋጆቹን ማየት አለብን። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የተማሪዎች ውድድር ላይ ነበርኩ። ቦታውን አልጠራም፤ አዘጋጆቹ ቅን ሰዎች ነበሩ። ድምቀት ይሁን ብለው ትልቅ ድምፅ ማጉያ ከሜዳው ጥግ አቆሙ። አስተዋዋቂው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አላረፈም። ኳሷ ስትወረወር «ወረወረ!» ይላል፤ ስትመጣ «መጣች!» ይላል። አንድ ልጅ፣ ያን ዓመት ሙሉ ሲዘጋጅ የቆየ ጎበዝ ተከላካይ፣ በተከታታይ አራት ግብ ገባበት። ሲወጣ ያለኝን አልረሳውም፤ «መምህር፣ ዛሬ ዓይነ ስውር አደረጉኝ» አለኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ውድድሩን ለእርሱ አዘጋጀን ብለን ነበር፤ ያዘጋጀነው ግን ለሚያየው ሰው ነበር።

መርሐ ግብር ማውጣትም ከዚሁ አይወጣም። በአትሌቲክስ ምንም የማያዩ ዝላይ ተወዳዳሪዎች የሚንደረደሩት ከመዝለያው አጠገብ የቆመው ጠሪያቸው የሚያጨበጭበውን ሰምተው ነው። በዚያች ቅጽበት ከጎን ባለው መም ላይ የ1,500 ሜትር ሩጫ ቢጠናቀቅና ሕዝቡ ቢጮኽ ዘላዩ አቅጣጫውን ያጣል። ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ሰዓት አይያዙም። የ100 ሜትር ሯጭም ከመሪው ጋር ስለሚሮጥ ሁለት መስመር ይወስዳል። ስምንት መስመር ባለው መም አራት ሰው ብቻ ይሮጣል፤ ማጣሪያው በእጥፍ ይበዛል፤ ቀኑም ይረዝማል። በእግር ኳስ ሜዳው 40 በ20 ሜትር ሆኖ ዳርና ዳሩ ከወገብ በላይ በሚደርስ ሰሌዳ ይታጠራል። ከተቃራኒ ግብ ጀርባ አንድ መሪ ቆሞ አጥቂውን በቃል ይመራል፤ በረኛው ያያል። ኳስ ሊቀማ የሚሄድ ተከላካይ «ቮይ» ብሎ መጥራት ግዴታው ነው፤ በስፓኝኛ እሄዳለሁ ማለት ነው። ሳይጠራ ከገባ ጥፋት ነው። እነዚህ ሁሉ ድምፆች ተሰሚ እንዲሆኑ ሜዳው ከአውራ ጎዳና፣ ከጄኔሬተርና ከገበያ መራቅ አለበት።

ከጆሮ ቀጥሎ እጅና እግር አሉ። ጎልቦል ተጫዋች መስመሩን የሚያገኘው በእግሩ ጣትና በእጁ ነው፤ ከወለሉ ማጣበቂያ ሥር ሲባጎ ይዘረጋለታል። ሆቴልም እንዲሁ ነው። የሆቴል ባለቤቶች እዚህ ስላላችሁ በቀጥታ ልናገር። እንግዳችሁን በመጀመሪያው ቀን አንድ ጊዜ በሚገባ አስጎብኙት፤ ክፍሉ ስንተኛው በር እንደሆነ፣ ደረጃው ስንት እንደሆነ፣ ሻወሩ በየት በኩል እንደሚሞቅ። ከዚያ በኋላ ዕቃውን አታንቀሳቅሱበት። በኮሪደሩ ላይ ባልዲ ወይም ወንበር አይቁም። ቁርስ ላይ ሳህኑን አስቀምጣችሁ ዝም አትበሉ፤ «እንቁላሉ ከፊትዎ ነው፤ ዳቦው በስተቀኝ ነው» በሉት። ክንዱን ይዛችሁ አትጎትቱት፤ ክንዳችሁን ስጡት፣ እርሱ ይያዝ። አንዳንዶች ከመሪ ውሻ ጋር ይመጣሉ። በእኛ አገር ውሻ ግቢ ጠባቂ ነው፤ ምግብ ቤት አይገባም። ያ ውሻ ግን የሰውየው ዓይን ነው። አስተናጋጆቻችሁ ይህን ከእንግዳው በፊት ይወቁት።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልምጣ። ማንም ስፖርተኛ ከመወዳደሩ በፊት ዓይኑ ይመረመራል፤ ምድቡም ይወሰናል። ምድቦቹ ሦስት ናቸው። ቢ1 የሚባለው ጨርሶ የማያይ ወይም ከጥቂት ብርሃን በቀር የማይለይ ነው፤ ቢ2ና ቢ3 የተወሰነ እይታ ያላቸው ናቸው። በጎልቦል ሦስቱም አብረው ይጫወታሉ፤ ሁሉም ዓይናቸው ስለሚሸፈን እኩል ይሆናሉ፤ ሜዳ ላይ ያለ ፈቃድ መሸፈኛውን የነካ ይቀጣል። ለምርመራው የሠለጠኑ የዓይን ባለሙያዎች፣ ብርሃኑ የሚመጠን ክፍልና የእይታን ስፋት የሚለካ መሣሪያ ያስፈልጋሉ። ጥበበ ግዮንም ፈለገ ሕይወትም ሆስፒታሎች እዚሁ ከተማችን ናቸው። እኔ የምመኘው መሣሪያው ለውድድሩ ሲመጣ ለሕዝቡ እንዲቀር ነው።

ምክንያቱም የምንናገረው ስለዚህ አገር ነው። በ1998 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ሰው 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር መሆኑን አሳይቷል። ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ የመጣው ከዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው፤ ይህ ደግሞ በቀዶ ሕክምና የሚድን ነው። ከ11 በመቶ በላይ የሆነው ከትራኮማ ነው፤ ይህም በንጹሕ ውኃ፣ ፊትን በመታጠብና በመድኃኒት የሚከለከል ነው። ክልላችን በትራኮማ ክፉኛ ከተጠቁት አንዱ ነው። ስለዚህ ስፖርተኛ ለመመልመል ወደ ገጠር ስንወጣ ከአሠልጣኙ በፊት የዓይን ሐኪም ይሂድ እላለሁ። ሊድን የሚችልን ልጅ ለሜዳሊያ ብለን በጨለማ ማቆየት ኃጢአት ነው። የሚድነው ይዳን፤ የማይድነው ሜዳ ያግኝ።

ስለ መሪ ሯጮች ጥቂት ልበል፤ ይህ የግሌም ጉዳይ ነው። ከአንዲት ተማሪዬ ጋር በጣና ዳር ሁለት ዓመት ሮጫለሁ። እጅ ለእጅ በአንዲት አጭር ገመድ ተያይዘን ነበር የምንሮጠው። መጀመሪያ ላይ «አሁን ታጠፊ» እላት ነበር። «በስንት እርምጃ?» ትለኛለች። «ጉድጓድ አለ» ስላት «በየት በኩል?» ትላለች። እኔ የማየውን መናገር የማላውቅ ሰው እንደሆንኩ ያወቅሁት ያኔ ነው። ገመዱ ለመጎተቻ አይደለም፤ መሪ ሯጩን ቢጎትት ወይም ቢገፋ ሕጉ ያሰናብታቸዋል። ፍጥነቱን የምታወጣው እርሷ ናት። መጨረሻው መስመር ላይም ሯጯ ከመሪዋ ቀድማ መግባት አለባት። በአንድ የአገር ውስጥ ሩጫ መሪው በደስታ ደረቱን ወርውሮ ቀድሞ ገባ፤ ልጅቱ አንደኛ ሆና ሳለ ውጤቷ ተሰረዘ። መሪው ቁጭ ብሎ አለቀሰ፤ ማንም ይህን ደንብ ነግሮት አያውቅም ነበር። የበጎ ፈቃደኞች ሥልጠና ውድድሩ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ሳይሆን ከዓመት በፊት ይጀመር የምለው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ሌላም መናገር አለብኝ። እንግዳ የሚመጣው ሰላም ወዳለበት ቤት ነው። ክልላችን ያለበትን ሁኔታ ሁላችንም እንኖረዋለን፤ ይህን ሳላነሣ ባልፍ መዋሸት ይሆንብኛል። ሰላም ሲመጣ ግን ተዘጋጅተን እንዲያገኘን እፈልጋለሁ። ዛሬ ማንም የማይከለክለን ሥራ አለ።

ከሥራዎቹ የመጀመሪያው ኮሚቴው ነው። ስለ ዓይነ ስውራን ሁልጊዜ ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ሰብሳቢው የሚያይ፣ ጸሐፊው የሚያይ፣ ገንዘብ ያዡ የሚያይ ይሆናል፤ ማኅበሩ ደግሞ ለክብር ንግግር ይጠራል። እኔ በዚህ ኮሚቴ ውስጥ ከሚቀመጡት ግማሽ ያህሉ ዓይነ ስውራን ካልሆኑ አልገባበትም። ኳሷ ወንበር ሥር መግባቷን የነገሩኝ እነርሱ ናቸው። ቃለ ጉባኤው በብሬይልና በኮምፒውተር በሚነበብ መልክ ይውጣ፤ ጨረታውም የቦታ መረጣውም በእነርሱ ጆሮና እጅ ይፈተሽ። አንድን አዳራሽ ጥሩ ነው ከማለታችን በፊት ሁለት ተጫዋቾች ይግቡበት፤ ድምፁ ያስተጋባል ካሉ ሌላ እንፈልግ።

ሁለተኛው በትንሹ መጀመር ነው። አሥር ዓይነት ስፖርት ዛሬ አንችልም። ጎልቦልን ግን እንችላለን። አንድ ቡድን ከስድስት ተጫዋች አይበልጥም፤ ሜዳው የመረብ ኳስ ሜዳን ያህል ነው። በዚህ ዓመት የክልሉ ትምህርት ቤቶች ይወዳደሩ፤ በሚቀጥለው የአገሪቱ ክልሎች፤ ከዚያ የምሥራቅ አፍሪካ ወንድሞቻችንን እንጋብዝ። ኬንያንና ኡጋንዳን በየካቲት ባሕር ዳር ላይ ባስተናገድን ቀን ስለ ምደባም፣ ስለ ሆቴልም፣ ስለ ጸጥታም ምን እንደሚጎድለን በተግባር እናውቃለን። ስድስት ቡድን በሚገባ ያስተናገደ ከተማ ስለ ሰባ አገር ሲናገር የሚሰማው ያገኛል።

በመጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ በጂምናዚየሙ የመጀመሪያውን ሜዳ እናሰምራለን። ማጣበቂያው ተገዝቷል፤ ሁለት ኳስ አለን። የሚጎድለን ሲባጎ ነው፤ ወደ መቶ ሜትር ይፈጃል። የሚመጣ ሰው አንድ አንድ ጥቅል ይያዝ። ባጃጅ የምታሽከረክሩ ወንድሞቼም ኑ፤ ተጫዋቾቹን ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት የምታመጡልን እናንተ ናችሁ፤ በር ላይ ስትደርሱ ጥሩንባ አትንፉ፤ እኛ ወጥተን እንቀበላችኋለን።